አራት ከረጢት ሳር

ቁጥር ሁለት መቶ አስራ ሁለት ላም ለሦስተኛ ጊዜ የማለቢያ ማሽኑን ኩባያዎች በእግሯ አሽቀንጥራ ጣለች። ኩባያዎቹ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉና አየር እየሳቡ ያፏጩ ጀመር።

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ?» አለ ዳሬል።

ላሟን ነው። ልጁን ናይሪንም የሚያናግራት እንዲሁ ስለሆነ ከድምፁ መለየት አይቻልም፤ ማን እንደተጠራ የሚታወቀው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ በማየት ነው።

ናይሪ ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ከወረደች ሃያ ደቂቃ አልሞላትም። ዩኒፎርሟን ሳታወልቅ የፕላስቲክ ሽርጥ ደርባበታለች። አስራ አራት ዓመቷ ነው። የጠዋቱን አለባ እናቷ ሊኔት ትሠራለች፣ የዘጠኝ ሰዓት ተኩሉ የናይሪና የአባቷ ነው። ኩባያዎቹን ከመሬት አንስታ በጎማው ውሃ አጠበቻቸው።

«እስቲ ግቷን እዪልኝ» አለ አባቷ። አሁን ፊቱን ወደ እሷ አዙሯል።

ጎንበስ አለች። ላሟ እንደ መንጋው ሁሉ ቡሬ ናት፤ ጥቁርና ነጭ። ጥቁሩ ቆዳ እንዳለ ነው፣ ያብረቀርቃል። ነጩ ግን ከሥጋው ተነስቷል። በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደ ራሰ ወረቀት ተላቀቀና እጇ ላይ ቀረ። ጥቁሩ ያለቀበት መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር፤ እዚህ ድረስ ጤና፣ ከዚህ ወዲያ ቁስል።

«አባዬ።»

«እ?»

«ነጩ እየተላጠ ነው።»

ዳሬል ለመምጣት አልቸኮለም። መጣ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አየ። ቀጥሎ አጠገቧ ያለችውን አየ። ከዚያም የሚቀጥለውን። ስድስተኛዋ ጋ ሲደርስ ቀና አለ።

«ጥሩ አይደለም» አለ።

ባለፈው ዓመት ባለአራት ጎማው ሞተር ተገልብጦበት ሁለት የጎን አጥንቱ የተሰበረ ጊዜም ያለው ይህንኑ ነበር።

ናይሪ እጇ ላይ የቀረውን ቆዳ ተመለከተችው። ምን እንደሆነ ታውቃለች። በእነሱ አውራጃ በዋይካቶ ላም ካለበት ቤት ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በበጋው መጨረሻ፣ ዝናብና ሙቀት ሲደራረቡ፣ ከሳሩ ሥር ባለው የደረቀ ቅሪት ላይ ሻጋታ ይበቅላል። ላም ስትግጥ ሻጋታውንም ትግጣለች። ሻጋታው ጉበቷን ይጎዳዋል፤ ጉበቷ የተጎዳ ላም ደግሞ የሳሩን አረንጓዴ ከደሟ ማጣራት ያቅታታል፤ ደሟ ውስጥ ያን ይዛ ፀሐይ ላይ ስትወጣ ነጭ ነጩ ቆዳዋ ይቃጠላል። ጥቁሩን ፀሐይ አትደፍረውም። አንዴ ከያዘ መድኃኒት የለውም። ያለው መከላከያ ነው፤ ዚንክ በመጠጥ ውሃቸው ውስጥ፣ ያውም ሳምንታት ቀድሞ። መቼ መጀመር እንዳለበት የሚታወቀው በየሳምንቱ ሳር ታጭዶ፣ ላዩ ላይ ያለው የሻጋታ ዘር በማይክሮስኮፕ ሲቆጠር ነው።

ሳሩን የምታጭደው ናይሪ ነበረች።

ልቧ እስኪደነግጥ ጠበቀች። አልደነገጠም። እጇን አጠበችና ኩባያዎቹን ለሚቀጥለችው ላም ገጠመች።

*

የእንስሳት ሐኪሟ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሰች። ስሟ ሩዋንቲ ነው፤ ከስሪላንካ መጥታ ከተማ ባለው ክሊኒክ ከተቀጠረች ሦስት ወር ሊሞላት ነው። በዚያ ሰፈር ረዥም ስም መጥራት ስለሚደክማቸው በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት «ሩ» ሆናለች። በዚያው ቀን ጎረቤታቸው ኬልቪን «አገራችሁ ላም አለ ወይስ ዝሆን ብቻ ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «አለ» አለችው፣ «መንገድ መሀል ይተኛሉ፣ ዞሮ የሚያልፈው መኪናው ነው።» ኬልቪን ይህን ለአንድ ወር ለሰው ሁሉ ሲያወራ ከረመ። እንደ ቀልድ ይሁን እንደ ዜና ግልጽ አልነበረም።

ሩዋንቲ አራት ላሞች አየች። ዓይናቸውን ገልጣ አየች፣ አፍንጫቸውን አየች፣ ከግታቸው በታች በእጅ ባትሪ አየች። ከዚያ ቀና ብላ ሰማዩን አየች።

«ሚስተር ኮትሬል፣ ከፀሐይ ያስወጧቸው። አሁን።»

«ዳሬል በይኝ ብያለሁ።»

«ሚስተር ዳሬል። አሁን።»

መንጋውን ግማሹን ወደ ድርቆሽ መጋዘኑ፣ ግማሹን ወደ ጥዶቹ ጥላ ነዱት። ላሞቹ ለመነዳት አላስቸገሩም፤ ጥላ ሲያዩ እርስ በርስ እየተገፋፉ ገቡ። ሩዋንቲ ከሃያ ላሞች ጅራት ሥር ደም ቀዳች። ናይሪ ብልቃጦቹ ላይ ቁጥር እየጻፈች በመደርደሪያው ሰካቻቸው። ጽሑፏ ያምራል፤ ትምህርት ቤትም ይሉታል።

«ሰኞ ዕለት ቁጥራችን ስንት ነበር?» አለ ዳሬል። መልሱን ያውቀዋል።

«ስምንት ሺህ።»

«በፊተኛው ሰኞስ?»

«ሰባት።»

«ዚንኩን ልጀምር ወይ ብዬ ጠይቄሽ ነበር?»

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልሽኝ?»

«ይቆዩ አልኩዎት። ዚንክ ሲበዛም ይጎዳል፣ ከሃያ ሺህ በታች እስከሆነ ይቆዩ አልኩዎት።» ሩዋንቲ መርፌውን ክዳኑ ውስጥ መለሰች። «በስምንት ሺህ ግን ይህ አይሆንም።»

«ሆኗል እኮ» አለ ዳሬል። ድምፁን አልጨመረም። «ይኸው፣ ፊትሽ ቆሟል።»

ናይሪ የመጨረሻውን ብልቃጥ ሰካችው።

ነገሩ የተጀመረው በዝናብ ነው። ሰኞ ሰኞ ከአውቶቡስ በፊት መቀስና አራት የዳቦ ከረጢት ይዛ ወደ አራት መስኮች ትሄዳለች፤ አንድ፣ ስድስት፣ አስራ አንድ፣ አስራ አምስት። እያንዳንዱን ከጥግ እስከ ጥግ ትሄድበትና በመንገዷ አሥር ቦታ ቆማ ወደ መሬት አስጠግታ ታጭዳለች። ከረጢቶቹን የአውቶቡሱ ሹፌር ተቀብሎ ክሊኒኩ በር ላይ ይጥልላቸዋል። መስክ አንድ ከመንገዱ ዳር፣ አውቶቡሱ ከሚቆምበት ፊት ለፊት ነው። ሌሎቹ ከወንዙ ማዶ ናቸው።

ሁለት ሰኞ በደንብ ሠራች። በሦስተኛው ዘነበ፤ እስከ ጉልበቷ ርሳ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት በእርጥብ ካልሲ ተቀምጣ ዋለች። በአራተኛው ሰኞ መስክ አንድ ውስጥ ቆማ አራቱንም ከረጢት ከዚያው ሞላችና በእስክሪብቶ ጻፈችባቸው፦ 1፣ 6፣ 11፣ 15። አምስት ደቂቃ ፈጀ።

መስክ አንድ ዓምና ታርሶ እንደ አዲስ የተዘራ ነው። ሳሩ ለጋ፣ ሥሩ ንጹሕ። ሻጋታ የሚቀመጥበት ደረቅ ነገር የለውም።

የየቤቱ ቁጥር በየሳምንቱ ክሊኒኩ በር ላይ ባለ ጥቁር ሰሌዳ ይጻፋል። የኮትሬል ቤት ከሁሉም ዝቅ ብሎ ታየ። በዚያ አገር ሰው በልጁ አይኩራራም፣ ነውር ነው፤ በሳሩ ግን ይቻላል። ከትራክተር በቀር ፎቶ አንስቶ የማያውቀው ዳሬል ሰሌዳውን በስልኩ አነሳው። «ስምንት!» አለ እራት ላይ፣ ለእናቷ ስልኩን እያሳየ። «ሰዉ ሁሉ ሃያ አምስት፣ ሠላሳ። እኛ ስምንት!» ለናይሪ ሁለተኛ ድንች ጨመረላት።

ከዚያ በኋላ ወደ መስክ አስራ አንድ መመለስ ቀላል አልነበረም። እንዲህ ሆኖ አምስት ሰኞ አለፈ።

*

«የኬልቪንም ጀመራቸው» አለች ጓደኛዋ ቲያና በማግስቱ አውቶቡስ ውስጥ። አባቷ የወተት ቦቴ ስለሚነዳ ወሬ ከወተቱ ቀድሞ ቤቷ ይገባል። «አስራ አራት ላም። አባቴ ኬልቪንን ሲያየው አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል አለ። እንዴት ነህ ሲለው ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹ትንሽ አሟቸው ነው።›»

«እነሱ ዚንክ አልጀመሩም ነበር?»

«የት ጀመሩ! ኮትሬሎች ጋ ስምንት ከሆነ እኛ ጋ ምን ይመጣል ብሎ አይደል የተቀመጠው።»

ናይሪ በመስኮቱ አየች። የኬልቪን አጥር እያለፈ ነበር። አጥር ነው፣ እንጨትና ሽቦ።

«ሩ ግን አለቀላት» አለች ቲያና። «የሙከራ ጊዜዋ ሰኞ ያበቃል። ደብዳቤ ሊጽፉባት ነው አሉ፣ አባትሽና ኬልቪን። የሥራ ፈቃዷ ላይ ያለው የክሊኒኩ ስም ብቻ ነው፤ ከዚያ ከወጣች ከአገርም ውልቅ ነው።» ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች። «አንድ ሁለት አራት አታውቅም፣ መቁጠር የማትችል ሐኪም ምን ይሠራል ይላሉ። እኔ ግን ታሳዝነኛለች። ያቺን ግዙፍ ቦት ጫማዋን አይተሻታል? እግሯ ውስጡ ይዋኛል።»

ናይሪ አልሳቀችም። ቲያና ጎኗን በክርኗ ነካ አደረገቻት። ድምፅዋን ቀነሰች።

«አንቺ። ያ ሳር…»

«የቱ ሳር?»

ቲያና ለትንሽ ጊዜ አየቻት። አምስት ሰኞ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ «ቶሎ በይ አቦ፣ ሹፌሩ ሙዱ ጠፍቷል!» እያለች የጮኸችላት እሷ ናት።

«ተይው» አለች ቲያና። «እኔ ምንም አላየሁም። ማንም ቢጠይቀኝ ተኝቼ ነበር። እሺ?»

«እሺ።»

«ላሽ በይው በቃ።» ከኪሷ ማስቲካ አውጥታ ግማሹን ሰጠቻት።

ናይሪ ማስቲካውን እስከ ትምህርት ቤት አላመጠች። ጣዕሙ ከምን እንደሆነ በኋላ ማስታወስ አልቻለችም። ያን ቀን የሒሳብ ፈተና ነበራት፤ ከሃያ አስራ ዘጠኝ አገኘች።

*

አርብ ከሰዓት ሩዋንቲ የደሙን ውጤት ይዛ መጣች። ከሃያው ላም የአስራ ሰባቱ ጉበት ተጎድቷል። ቆዳቸው ያልተላጠውም ጭምር።

«ጤነኛ የሚመስሉትም?» አለች ሊኔት። ሽርጧን ሳትፈታ ከቤት ወጥታ ነበር።

«የሚመስሉትም ወይዘሮ ኮትሬል። የሚታየው ትንሹ ነው።»

ሊኔት ይህን ሰምታ ወደ ቤት ገባች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለሁሉም ሻይና ብስኩት ይዛ ተመለሰች። ማንም አልነካውም፤ ማንም ደግሞ አልፈልግም አላለም።

ሁለት መቶ አስራ ሁለት መጋዘኑ ጥግ ተኝታለች። ከትናንት ጀምሮ አልተነሳችም፤ አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ዓይኗ ተደፍኗል። ሩዋንቲ አጠገቧ ተንበረከከች።

«ሚስተር ዳሬል…»

«አውቃለሁ» አለ ዳሬል። «ቀጥይ።»

ሩዋንቲ ባርኔጣዋን አወለቀች። ወደ ላሟ ጆሮ ጎንበስ ብላ በራሷ ቋንቋ ሁለት ቃል ተናገረች። ከዚያ የመጨረሻውን መርፌ አንገቷ ላይ ወጋች። ብዙ አልቆየም። ላሟ ከነበረችበት ትንሽ ዝቅ አለች እንጂ ሌላ የተለወጠ ነገር አልታየም።

«ምን አልሻት?» አለ ዳሬል።

«ይቅርታ አልኳት።»

«ላሟን?»

«ላሟን።»

ዳሬል አሰበበት። «ደህና» አለ በመጨረሻ። ትራክተሩን ሊያመጣ ሄደ።

ናይሪና ሩዋንቲ ነጭ ቅባት የሞላበት ባልዲ ይዘው ቀሩ። ቅባቱ በሌሎቹ ላሞች አፍንጫና ግት ላይ ይለቀለቃል፤ አያድንም፣ ፀሐዩን ይጋርዳል። አንዷ ትይዛለች፣ አንዷ ትቀባለች። ሦስት ላም ቀቡ።

«ትናንት መስክ አስራ አንድ ሄጄ ነበር» አለች ሩዋንቲ። «አባትሽን አስፈቅጄ። ሳር አጨድኩ።»

«እሺ።»

«መቶ አርባ ሺህ።»

ናይሪ የላሟን ጅራት ያዘች።

«መስክ አንድም ሄድኩ» አለች ሩዋንቲ። ቅባቱን በሁለት ጣቷ ዘገነች። «ስድስት ሺህ። አዲስ ሳር ነው። ደስ የሚል ሳር ነው። ከፍ አድርገሽ ያዢልኝ።»

ናይሪ ከፍ አደረገችው። ከውጭ የትራክተሩ ሞተር አልነሳ ብሎ ሲያጓራ ይሰማል።

«ለአባቴ ነገርሽው?»

«መቶ አርባ መድረሱን ነገርኩት። ‹በሦስት ቀን ከስምንት ወደ መቶ አርባ ይዘላል ወይ?› አለኝ። አንዳንድ ጊዜ ይዘላል አልኩት። ውሸት አይደለም፣ ይዘላል።»

«ለምን የቀረውን አልነገርሽውም?»

ሩዋንቲ ጓንቷን ተመለከተች። ነጭ ሆኗል።

«ከረጢቶቹን የምከፍታቸው እኔ ነኝ። አምስት ሳምንት ከፈትኳቸው። አራቱም ውስጥ አንዲት የደረቀች ቅጠል የለችም። አየሁ። ልደውልና ይህ ሳር ከየት ነው ብዬ ልጠይቅ አልኩ። ስልኩንም አንስቼ ነበር።» ትከሻዋን ሰበቀች። «ከዚያ፣ ‹ይቺ እንግዳ ስለ ሳራችን ልታስተምረን ነው› የሚሉኝ መሰለኝ። ዘጋሁት። ስለዚህ የእኔ ድርሻ ይህ ነው፤ ለክሊኒኩ ኃላፊ ይህንኑ ጽፌ ሰጥቻለሁ።»

«የእኔንስ?»

«ያንቺ የእኔ አይደለም» አለች ሩዋንቲ። «እኔ የሰው ድርሻ አልናገርም። ቀጣይዋን አምጪልኝ፤ ያቺን ባለነጭ ግንባሯን።»

ናይሪ ባለነጭ ግንባሯን አመጣች። ስታለቅስ ራሷን ለማየት ጠብቃ ነበር፤ ዓይኗን በእጅጌዋ ነካ አድርጋ አየችው። ደረቅ ነው። ደረቷ ውስጥ የጥርስ ሐኪም ካደነዘዘው ድድ የማይለይ ነገር አለ፤ እንዳለ ታውቃለች፣ ብትነክሰው አይሰማትም።

*

እሑድ ከምሳ በኋላ ዳሬል ላፕቶፑን የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ነይ ጻፊልኝ። የእኔ ጣት አንዱን ሲነካው ሦስቱን ነው የሚጫነው።»

ናይሪ ተቀመጠች። እናቷ ከመታጠቢያው ጋ ጀርባዋን ሰጥታ ድስት ታጥባለች። ኬልቪን በአሥር ሰዓት መጥቶ ከሥሩ ይፈርማል፤ ነገ ሰኞ ነው፣ ደብዳቤው በጠዋት ክሊኒኩ መድረስ አለበት።

«ለክሊኒኩ ኃላፊ» አለ ዳሬል። ቆመ። «‹ውድ› ልበል?»

«በለው» አለች ሊኔት ሳትዞር። «ሰውየው ምን አጠፋ?»

«ውድ ስቱዋርት። እኛ ከዚህ በታች የፈረምን… አይ፣ ፍርድ ቤት አስመሰልኩት። አጥፊው። ውድ ስቱዋርት፣ ላሞቻችን በሽታው ይዟቸዋል።»

ጻፈች።

«አንዷ ሞታለች፣ ሌሎች ሦስት የሚተርፉ አይመስሉም። የኬልቪን አስራ አራት። ዚንክ በጊዜው ያልጀመርነው የሳራችን ቁጥር ስምንት ሺህ ነው ተብለን ነው።» በጠረጴዛው ዙሪያ ይዞራል፤ ሶኬቱ ጋ ሲደርስ ይመለሳል። «ልጅቷ ክፉ ሰው አይደለችም። እሱንም ጻፊ። ትሠራለች፣ ትሕትና አላት። ግን ማይክሮስኮፕ ማየት የማይችል ሰው እዚህ ቦታ ላይ መቀመጥ የለበትም። የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ እንዳይራዘም እንጠይቃለን። ነጥብ።»

የናይሪ ጣቶች ከድምፁ ኋላ ኋላ ይሄዳሉ። ፈጣን ናት። ‹ተብለን ነው› ላይ ስትደርስ ጣቶቿ ነጥቡን አስቀመጡና አልቆሙም። ምን እየጻፉ እንደሆነ አንብባ ነው ያወቀችው። አጭር ነበር። ከዚያ አባቷ የደረሰበት ድረስ ሮጣ ደረሰች።

«ሁሉንም ያዝሽው?»

«ይዣለሁ።»

«ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።»

አነበበች። የአየር ጠባይ ዜና በምታነብበት ድምፅ ነው ያነበበችው።

«ውድ ስቱዋርት፣ ላሞቻችን በሽታው ይዟቸዋል። አንዷ ሞታለች፣ ሌሎች ሦስት የሚተርፉ አይመስሉም። የኬልቪን አስራ አራት። ዚንክ በጊዜው ያልጀመርነው የሳራችን ቁጥር ስምንት ሺህ ነው ተብለን ነው።» ዳሬል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ እሷ ማንበቧን ቀጠለች። «ቁጥሩ ልክ ነበር። አራቱም ከረጢት ሳር የታጨደው ከመስክ አንድ ነው። ያጨድኩት እኔ ናይሪ ነኝ። አምስት ሰኞ። ልጅቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ትሠራለች፣ ትሕትና…»

«ቆይ» አለ ዳሬል።

ቆመች።

«ያን እኔ አላልኩም።»

«አላልክም።»

የመታጠቢያው ውሃ ይፈስሳል። ሊኔት ዘጋችው፤ ግን አልዞረችም።

«አራቱም?» አለ ዳሬል።

«አራቱም።»

«ከአስራ አንድ ምንም?»

«ምንም።»

ዳሬል ወንበር ሳበና ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል ድርቆሽ መጋዘኑ ይታያል፤ ላሞቹ በጥላው ጠርዝ ላይ ተሰልፈው፣ አፍንጫቸው ነጭ በነጭ ሆኖ ቆመዋል። ረዥም ጊዜ አያቸው። ሲጮህ አይታው አታውቅም፤ አሁንም አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል እንደነበር አሰበች፤ የማን ተራ እንደሆነ ይታወቅ ነበር።

«ለሰው ሁሉ አሳይቼው ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ያን ፎቶ።»

«አውቃለሁ።»

«ኬልቪንም በእኔ አምኖ ነው።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

ከሩቅ፣ ከዋናው መንገድ መታጠፊያ ላይ፣ የፒካፕ ድምፅ ተሰማ። ጭስ ማውጫው የተቀደደ ፒካፕ በዚያ ሰፈር አንድ ብቻ ነው። ዳሬል አንገቱን ወደ ድምፁ መለሰ፣ ከዚያ ወደ ልጁ።

«አጥፊው» አለ። «ሁሉንም። ደብዳቤውን ትቼዋለሁ እለዋለሁ። አልጽፍም፣ አልፈርምም። ማንም ማወቅ የለበትም።»

«እሱስ የራሱን ቢጽፍ?»

«የራሱን ይጻፋ። እኔ ምን አገባኝ?» ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ለራሱም ያልጣመው ይመስላል፤ ጺሙን በመዳፉ አሸ። «ትምህርት ቤት አለሽ ናይሪ። አውቶቡስ አለሽ። እዚህ ሰው ይህን ሠላሳ ዓመት ነው የሚያወራው። ስታገቢ ያወሩታል።»

«ዳሬል» አለች ሊኔት ከመታጠቢያው ጋ። ለማን እንዳዘነች ከድምፅዋ አይለይም።

ፒካፑ ግቢው ውስጥ ገባ። በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ። ኬልቪን ከእርሻ ውሻቸው ጋር እያወራ ነው፤ ውሻውን ምን ብሎ እየሰደበው እንደሆነ ባይሰማም ከልቡ ይሳደባል።

ናይሪ ማያ ገጹን አየችው። ሦስት መስመር ነው። አንዷን ቁልፍ ይዛ ብትቆይ ከኋላ ወደ ፊት ፊደል በፊደል ይጠፋል፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ጣቷን አነሳችና የማተሚያውን ቁልፍ ተጫነች።

ከማቀዝቀዣው ላይ ያለው አሮጌ ፕሪንተር አንዴ አቃሰተና መሥራት ጀመረ።

ዳሬል ወደ ፕሪንተሩ አየ። ሊነሳ እንደፈለገ ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ፤ ከዚያ እዚያው ተዋቸው። ወረቀቱ በቀስታ፣ መስመር በመስመር ወጣ። ደጅ ላይ ኬልቪን ጭቃውን ከጫማው እያራገፈ ነው፤ ግራውን፣ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን።

«ሰው የለም እንዴ እዚህ ቤት?» አለ።

«አለን» አለች ናይሪ።

ተነሳች፣ ወረቀቱን ወሰደች። ገና ትኩስ ነበር፤ ሙቀቱ በጣቶቿ ይሰማታል። ይዛው በሩን ልትከፍት ሄደች።